ገደል አፋፍ ላይ ጉልበት ሲከዳ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች በሙሉ የሰሜን ተራሮችን በእግር ለመሄድ ካሰቡ፣ ገደል ግን ከሚያስፈራቸው አንባቢዎች የመጡ ናቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በሰሜን ተራሮች ከሳንቃበር ካምፕ እስከ ጨነቅ ካምፕ በእግር እንሄዳለን። እኔ ግን ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ስቆም እንኳ ጉልበቴ ቄጤማ ይሆናል። እስከዚያ ይለቀኛል?

ጨርሶ ላይለቅዎት ይችላል፤ መንገዱን ለመሄድ የሚበቃ ለውጥ ግን በሁለት ወር ይመጣል፣ ዛሬ ከጀመሩ። የሚያስፈሩዎትን ቦታዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ወረቀት ላይ ይደርድሩ፦ የሁለተኛ ፎቅ መስኮት፣ የሦስተኛ ፎቅ በረንዳ፣ የእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድይ፣ የእንጦጦ ቁልቁለት፣ በመጨረሻም ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ፖርቱጋል ድልድይ ከሚባለው አካባቢ ገደሉን ከአፋፉ ራቅ ብሎ ማየት። ለእያንዳንዱ ቦታ ከ0 እስከ 10 የፍርሃት ቁጥር ይስጡ። 4 ወይም 5 ከሰጡት ይጀምሩና ቁጥሩ በግማሽ እስኪወርድ እዚያው ይቆዩ። 20 ደቂቃ ሊበቃ ይችላል፣ 40ም ሊፈጅ ይችላል። በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን ይደጋግሙት፤ ቦታው ሲሰለችዎት ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ይህን ልፋት ከንቱ የሚያደርጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ፍርሃቱ ጫፍ ሲደርስ ሮጦ መመለስ ነው፤ አእምሮ «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ሌላው ዓይን ጨፍኖ ወይም የመከለያውን ብረት ጨምድዶ መቆም ነው፤ ያኔም ምስጋናው ለብረቱ ይሄዳል። መከለያው ይኑር፣ እጅዎ ግን ይረፍ። ፍርሃቱ ሊፍት እስከ መተው፣ ሥራ እስከ መቀየር ካደረሰዎት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መሥራት ይሻላል።

አፋፍ ላይ ስቆም መሬቱ የሚወዛወዝ ይመስለኛል። ራሴን ስቼ ብወድቅስ?

ሰውነት ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይን፣ በውስጠኛው ጆሮና ከእግር በሚመጣ ስሜት ነው። ስንቆም ሁላችንም በጥቂቱ እንወዛወዛለን፤ ዓይን ይህን አይቶ የሚያስተካክለው በአቅራቢያው ባለ ነገር ነው። አፋፍ ላይ ግን ፊት ለፊት የሚታየው በመቶዎች ሜትር የራቀ ስለሆነ ዓይን መለኪያ ያጣል፣ መወዛወዙም ይጨምራል። ስለዚህ ስሜቱ ፈጠራ አይደለም። መፍትሔው ለዓይን ቅርብ ነገር መስጠት ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ። የሚሄድ ደመና ወይም የሚዞር አሞራ አይከተሉ። ፎቶ ለማንሣት መጀመሪያ ይቀመጡ፤ መቀመጥ ብቻውን ብዙ ያረጋጋል።

ራስ መሳት የሚመጣው የደም ግፊት ሲወርድ ነው፤ የከፍታ ፍርሃት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። «ልወድቅ ነው» የሚለው ስሜት ብርቱ ቢሆንም እምብዛም ወደ መሳት አያደርስም።

ጠባብ መንገድ ላይ መንቀሳቀስ ቢያቅተኝስ?

ዞረው ለመመለስ አይሞክሩ። ጀርባዎን ለተራራው ሰጥተው ይቀመጡ፣ መዳፍዎን ድንጋይ ላይ ያሳርፉ። እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። የድንጋጤው ማዕበል ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። ከዚያ አጫጭር እርምጃ፣ ዓይን መንገዱ ላይ። ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል፣ ምክንያቱም ዓይን ወደ ገደሉ ይመለከታል፤ ርዝመቱ የሚስተካከል ምርኩዝ ካለዎት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያስረዝሙት። የተጫነ በቅሎ ሲመጣ ሁልጊዜ በተራራው በኩል ይጠጉ፤ ጭነቱ ገፍቶ የሚጥለው በገደሉ በኩል የቆመውን ነው።

ባለቤቴ ትፈራለች። እጇን ይዤ ልምራት?

አይጎትቷት፤ አንዱ ሲንገዳገድ ሁለቱም ይወድቃሉ። መንገዱ ሰፋ ሲል እርስዎ በገደሉ በኩል፣ እርሷ በተራራው በኩል ትሂድ። «አይዞሽ፣ ምንም የለም» ከማለት «እግርሽን ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጊ» ማለት ይረዳታል። ደባርቅ ላይ ጉዞ ሳይጀመር ለአስጎብኚው ይንገሩት፤ ከአፋፉ ፈንጠር ያለ መንገድ ሊመርጥ ይችላል። እሜት ጎጎ የሚባለውን የገደል አናት (3,926 ሜትር) ቢተዉትም ጉዞው አይበላሽም፤ ጨነቅ ድረስ መኪና ይገባል።

በሳንቃበርና በጨነቅ መካከል ባለው ግጭ ካምፕ ላይ ራሴን አመመኝ፣ አጥወለወለኝ። ፍርሃት ነው?

ከአፋፉ ርቀው ሲቀመጡ በደቂቃዎች ከቀለለ ፍርሃት ነው። ድንኳን ውስጥም ከቀጠለ የከፍታ ሕመም (ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ሲሳሳ የሚመጣ ሕመም) ነው ብለው ይያዙት፤ ግጭ 3,600 ሜትር ያህል ነው። ያን ቀን ወደ ላይ አይቀጥሉ። ለድፍረት ተብሎ አረቄም ሆነ ማረጋጊያ ክኒን አይወሰድም፤ ሁለቱም ሚዛን ያጠፋሉ፣ ሌሊትም ትንፋሽ ያዳክማሉ። ሜዳ ላይ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በቀጥታ መስመር መሄድ ካቃተዎት፣ ንግግርዎ ከተዘበራረቀ ወይም አርፈው ተቀምጠውም ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ሳይነጋ ቢሆንም ሰው ደግፎዎት ወዲያው ይውረዱ።