ደበርጃኑ ውሃ እንዳያወጣ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። በበጋው ሙቀት ከሐይቅ ዓሣ ጎን የከሰል ጥብስ አትክልት ሰላጣ አቀርባለሁ። ግን ደበርጃኑና ዝኩኒው ውሃ ይሆኑብኛል፣ ቲማቲሙም ይፈርሳል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደበርጃንና ዝኩኒ ሲፈጥራቸው ውሃ ይበዛባቸዋል። የጣት ውፍረት አድርገሽ ቁረጪያቸው። ጨው ነስንሰሽ ግማሽ ሰዓት ተያቸውና የወጣውን ውሃ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂ። ዘይት ትንሽ ቀባ ብቻ! ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቂ፤ አለዚያ ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሲበስልም አትከምሪው። ትሪ ላይ ዘርጊው፤ ከተከመረ በራሱ እንፋሎት ይርሳል።

እኔ ነፍሴ ያለው ቃሪያው ላይ ነው። ሳትቆርጪ ፍሙ ላይ አገላብጪው። ቆዳው ጠቁሮ ፊኛ ሲያወጣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ክተቺና ክደኚው። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ቆዳው በጣት ይላጣል። አደራ፣ ውሃ ውስጥ እንዳትነክሪው! ያ የጭስ ጣዕም አብሮ ይታጠባል።

ቲማቲም ጠንከር ያለውን ምረጪ። ለሁለት ክፈይው፣ መጨረሻ ላይ በቆዳው በኩል ለአፍታ ብቻ አስቀምጪው። ቀይ ሽንኩርቱን ወፈር አድርገሽ ቁረጪ።

ለብ እንዳለ ሎሚ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ጨምሪበት። ጨው ግን ቀምሰሽ፤ ደበርጃኑ ቀድሞ ወስዷል። በጾምም ዓሣ ለማይበላ ሰው ከእንጀራ ጋር በደንብ ይሄዳል።