ረቂቁ ከማለቁ በፊት ጥሩን

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ጎንደር የምሠራ ወጣት አርክቴክት ነኝ። ለፒያሳና ለፋሲል ግቢ ዙሪያ የዲዛይን መመሪያ ተዘጋጅቷል ተብለን ለግማሽ ቀን ስብሰባ ተጠርተናል። ረቂቁ አልቋል፣ ከእኛ የሚፈለገው አስተያየት ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ለፎቶ ነው የፈለጉን» ብለው ላለመሄድ ወስነዋል። ልሂድ ወይስ ልቅር? ከሄድኩስ ምን ብናገር ይጠቅማል?
(ከማራኪ)

መልስ፦ ሂድ። ጓደኞችህንም ይዘሃቸው ሂድ። ቅር መሰኘታቸው ልክ ነው፣ ግን ከቀራችሁ ረቂቁ እንዳለ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየቀኑ ስትጨቃጨቁበት የምትኖሩት እናንተ ናችሁ።

ባለሙያ መጠራት ያለበት ገና ምንም ሳይጻፍ ነው። መመሪያ ማለት አንተ ስትነድፍ፣ የግንባታ ፈቃድ ክፍሉ ባለሙያ ደግሞ ያንተን ንድፍ ሲመረምር፣ ሁለታችሁም የምትከፍቱት ወረቀት ነው። ሁለታችሁ አንድ ዓይነት ነገር ካላነበባችሁበት ባለቤቱ በመካከላችሁ ሲመላለስ ይከርማል።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ረቂቁ «አዲስ ሕንፃ ከፋሲል ግቢ ጋር የሚስማማ ይሁን» ቢል ማን ይቃወማል? ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ለሦስት አርክቴክቶች ስጣቸው። አንዱ ጣራው ላይ የሲሚንቶ ጥርስና እንቁላል የመሰለ ጉልላት ይደፋበታል፣ ግምብ መሰለ ይላል። ሌላው ፊቱን በሙሉ መስታወት ያደርግና ግምቡ ይንጸባረቅበታል ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው ጥቁሩን ድንጋይና በመስኮቶቹ ዙሪያ ያለውን ቀይ ድንጋይ አይቶ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ የሆነ ጸጥ ያለ ቤት ይሠራል። ሦስቱም መመሪያውን አክብረናል ይላሉ! እኔ የሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያውን ዓይነት የውሸት ግምብ በየሆቴሉ አናት ላይ ማየት ያመኛል። ግን ምርጫዬን መመሪያው ውስጥ በሚለካ ነገር ካልጻፍኩት ሕግ አይሆንም። ቁመቱ ከየት ተነስቶ ይለካል? የታችኛው ፎቅ ምን ያህሉ ክፍት ይሁን? በረንዳው ከጎረቤቱ በረንዳ ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም?

ስለዚህ ስብሰባው ላይ አስተያየት ከመደርደር አንድ ነገር ጠይቅ፦ ረቂቁ በእውነተኛ ቦታ ላይ ይሞከር። ፒያሳ ላይ አንድ ይዞታ ይመረጥ፣ ሦስት አራት ቢሮ በመመሪያው መሠረት ንድፍ ይሥራ፣ የፈቃድ ክፍሉ ባለሙያም እንደ እውነተኛ ማመልከቻ ይመርምረው። ቀዳዳው ሁሉ ያኔ ይወጣል። ግንበኛና የታፔላ ሠሪም ይጠሩ፣ ምክንያቱም የፒያሳን መልክ ከእኛ ከአርክቴክቶች ያላነሰ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሠርቶ ጥሏቸው የሄደውን ሕንፃዎች ሂድና ተመልከት፤ ክብ ማዕዘናቸውንና ረዣዥም አግድም መስመራቸውን ታፔላ ሸፍኖት፣ ከላይ እስከ ታች ባነር ተሰቅሎበት ታገኛለህ። ፒያሳ የጣሊያናዊው አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ፕላን ያረፈበት መሀል ከተማ ነው፣ የግቢውን ያህል ባያረጅም የከተማዋ ታሪክ ነው።

ከተማውን ቁልቁል የሚያሳየው የጎሃ ኮረብታ ላይም ውጡ። ከዚያ ሲታይ ከተማው በአብዛኛው ጣራ ነው፦ ቆርቆሮ፣ ሮቶ፣ ዲሽ። አንዳንድ መመሪያ ከመንገድ የሚታየውን ፊት ብቻ ይጽፋል፣ ስለ ጣራ አንድ መስመር የለውም። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ እንግዳ ደግሞ ከተማውን የሚያየው ከጎሃ ጭምር ነው።

አንድ ከባድ ጉዳይ ቀረ፣ የጥቅም ግጭት። የከተማው ዲዛይነሮች መመሪያ ሲጽፉ «ለራሳቸው ሥራ እያመቻቹ ነው» መባሉ አይቀርም፣ አንዳንዴም እውነት ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ የአገሪቱ የአርክቴክቶች ተቋም (AIA) ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎችን ወደ ከተሞች ይልካል፤ ለጥቂት ቀናት ከነዋሪው ጋር ቁጭ ብለው ሐሳብ ያወጣሉ፣ ግን ከዚያ ሐሳብ የሚመጣ ሥራ ላለመቀበል አስቀድመው ይስማማሉ። ጎንደር እንዲህ ሙሉ በሙሉ መከልከል ይከብዳል፣ ባለሙያው ብዙ አይደለም። ቢያንስ ግን እያንዳንዱ ተሳታፊ በአካባቢው ያለውን ሥራና ይዞታ በግልጽ ያስመዝግብ። ይህን ራሳችሁ ብታነሱት ትታመናላችሁ።

ግማሽ ቀን አይበቃም ብለህም በጽሑፍ አስገባ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ይደነግጋል፤ መመሪያው የፕላኑ ማስፈጸሚያ ከሆነ ውይይቱ ለእሱም አይበዛበትም።

ጥያቄ፦ አራዳ ላይ ከአባቴ የወረስኳት ሱቅ አለችኝ። የዲዛይን መመሪያ ሲባል ሊያፈርሱብኝ ነው ብዬ እፈራለሁ። የአርክቴክቶቹ ስብሰባ እኔን ይመለከተኛል?
(ወ/ሮ፣ ከአራዳ)

መልስ፦ በደንብ ይመለከትዎታል። የዲዛይን መመሪያ የሚናገረው ሕንፃ እንዴት ይሠራ፣ እንዴት ይታደስ የሚለውን ነው። ማን ይነሳ፣ መንገዱ የት ይለፍ የሚለው በአካባቢ ልማት ፕላን ነው የሚታየው። ሁለቱ ግን አንድ ስብሰባ ላይ ስለሚቀላቀሉ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ሄደው ሁለት ነገር ይጠይቁ፣ መልሱንም ቃለ ጉባኤው ላይ ያስጽፉ። አንደኛ፣ መመሪያው ለነባር ቤት ይሠራል ወይስ ለአዲስ ግንባታ ብቻ? ሁለተኛ፣ በርና ታፔላ ቀይሩ ከተባልን የጊዜ ገደቡ ስንት ነው፣ ወጪውንስ ማን ይችላል?

የሱቅዎን ፊት ፎቶ አንስተው ይዘው ይሂዱ፣ የድሮ ፎቶ ካለዎት ደግሞ እሱን አይርሱ። በረንዳዋ በፊት ምን ትመስል እንደነበር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ አይኖርም፣ ወጣቶቹ አርክቴክቶችም ያንን ፎቶ ይፈልጉታል።