ነጥቡ ከ90 በላይ፣ ምልልሱ አንድ ሳምንት

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሬጅስትራር ቡድን መሪ ነኝ። በግማሽ ዓመቱ ምዘና ሠራተኞቼ ሁሉ ከ90 በላይ አገኙ፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የጠየቀ ተመራቂ ግን ሳምንት ሙሉ ይመላለሳል። ሥልጠና ልላካቸው ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልስ፦ ሥልጠናውን ለጊዜው ያቆዩት። ሥራውን የማያውቅ ሠራተኛ በሥልጠና ይሻሻላል፤ እያወቀ ፊርማ፣ የፕሪንተር ቀለም ወይም ኔትወርክ የሚጠብቅ ግን ሠልጥኖ ሲመለስም ያንኑ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ጊዜው የት እንደሚያልቅ ይለኩ። በሚቀጥሉት 20 ማመልከቻዎች ላይ አንዳንድ ብጣሽ ወረቀት ያያይዙና በየጠረጴዛው የገባበትና የወጣበት ቀንና ሰዓት ይጻፍበት። የሠራተኛ ስም አያስፈልግም፤ ስም ከገባበት ሰው ሰዓቱን እያሳመረ ይጽፋል። በመጨረሻ የተሠራበትን ጊዜና ተቀምጦ የቆየበትን ለየብቻ ይደምሩ። ብዙውን ጊዜ ሰነዱን ማዘጋጀቱ አይደለም ቀኑን የሚበላው፤ ከትምህርት ክፍል ያልገባ ውጤት፣ ያልተሟላ የወጪ መጋራት ማስረጃ፣ ስብሰባ የገባ ፈራሚ ነው።

ለፈራሚው መላው የጽሑፍ ውክልና ነው፦ የትኛውን ሰነድ፣ ማን፣ ኃላፊው ስንት ሰዓት ሲዘገይ እንደሚፈርም ይገለጽ። በቃል ውክልና ደፍሮ የሚፈርም የለም። የሚያስፈልጉ ማስረጃዎች ዝርዝር መስኮቱ ላይ ይለጠፍ፤ ተቀባዩም ያልተሟላ ማመልከቻ አይቀበል። ያልገባውን ውጤት ግን እርስዎ ማስገባት ስለማይችሉ የጎደለውን በኮርስና በትምህርት ክፍል ለይተው በየሳምንቱ ለዲኑ ይላኩ። «ውጤት እየዘገየብን ነው» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ወደ ምዘናው እንምጣ። ሁሉም ከ90 በላይ የሚያገኘው ኃላፊው ያለፈውን ስድስት ወር ከትዝታው ስለሚሞላና ጠብ ስለማይፈልግ ነው። የውጤት ተኮር ምዘናው (BSC) አራት ዕይታዎችም፣ ማለትም ፋይናንስ፣ ተገልጋይ፣ የውስጥ አሠራር፣ መማማርና ዕድገት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ እንዳሉ ተገልብጠው ግለሰቡ ላይ ይወርዳሉ፤ ፋይል አውጪዋ በፋይናንስ ዕይታ ምን ልታደርግ ትችላለች? ቅጹን መቀየር ባይችሉ እንኳ ሠራተኛው ራሱ የሚቆጣጠራቸውን ሦስት ነገሮች ያስገቡበት፦ የሠራው ብዛት፣ የፈጀበት ጊዜ፣ በስህተት ምክንያት የተመለሰበት ሰነድ። በየወሩ 15 ደቂቃ አብራችሁ አይታችሁ ተፈራረሙ።

ደመወዝ ማነሱ ሥራን ይጎዳል፤ እሱ ግን በእርስዎ እጅ አይደለም። በእጅዎ ያለው ድልድሉ ነው። ሥራ ሁሉ ለጎበዟ እየተመራ ነጥቧ ከሚያረፍደው ሰው ጋር እኩል ሲሆን እሷም ትቀዘቅዛለች፤ እንዲህ ያለውን ቡድን መልሶ ማነቃቃት ደግሞ ከባድ ነው። የትርፍ ሰዓትና የሥልጠና ተራ በግልጽ ይለጠፍ። የዓመት ፈቃድ ከምዝገባና ከምረቃ ሰሞን ውጭ እንዲሆን የዓመቱን የፈቃድ ፕሮግራም ሐምሌ ላይ አስቀድመው ያውጡ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ክፍል ጸሐፊ ነኝ። የምዘና ነጥቤ ያለአግባብ ዝቅ ተደረገ። አልፈርምም ብልስ?

መልስ፦ አለመፈረሙ ብዙም አይጠቅምዎት። «አልተስማማሁም» ብለው ምክንያቱን ቅጹ ላይ ከጻፉ በኋላ ይፈርሙ፤ ቅጂውን ይያዙና ቅሬታዎን በጽሑፍ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ያቅርቡ። የማቅረቢያው ጊዜ እንዳያልፍብዎ ቀነ ገደቡን በዚያው ዕለት ከሰው ሀብት ክፍል ይጠይቁ። ከአሁን ጀምሮም ከሥራ ዝርዝርዎ ውጭ የታዘዙትን ሁሉ በቀኑና በአዛዡ ስም ደብተር ላይ ይመዝግቡ።