ጸሎቴ ያልተሰማው እምነቴ ስለጎደለ ነውን?

እህቴ፣ ለእናትሽ ፈውስ 2 ዓመት ጸልየሽ እንዳረፉብሽ፣ ከዚያም አንድ ሰው «እምነትሽ ስለጎደለ ነው» እንዳለሽ ጽፈሻል። ይህን ሳነብ ልቤ አዘነ። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ጌታን 3 ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥8-9)። መውጊያው አልተነሣለትም። ታዲያ ጳውሎስን እምነት ጎደለው የሚል ማን ነው? ጌታችን ራሱስ በጌቴሴማኒ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ጸልዮ፣ ለአባቱ ፈቃድ ተገዝቶ ጽዋውን ጠጥቶ የለምን?

እርግጥ ጸሎትን የሚያደናቅፍ ነገር እንዳለም ተጽፏል፤ ያዕቆብ 4፥3 ለምኞቱ ሲል በክፉ የሚለምነውን፣ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ሚስቱን የማያከብረውን ባል ያነሣሉ። ራስን መመርመር ተገቢ ነው። እነዚህን ጥቅሶች አንሥቶ በሐዘንተኛ ላይ መወርወር ግን ጭካኔ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ በመጨረሻም የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በእነርሱ ላይ ነው (ኢዮብ 42፥7)።

«ለምን?» ማለትን አትፍሪ፤ ክህደት አይደለም። ነቢዩ ዕንባቆም «አቤቱ፥ እኔ ስጮኽ የማትሰማው እስከ መቼ ነው?» ብሎ ነው የጀመረው፤ ጩኸቱም ከመጽሐፉ አልተፋቀም። «መጸለይ አቃተኝ» ብለሻልና ለጊዜው የራስሽን ቃል አትፈልጊ። መዝሙር 87ን (በአንዳንድ ትርጉሞች 88ን) ማታ ማታ ድምፅሽን አሰምተሽ አንብቢ። በጩኸት ጀምሮ በጨለማ የሚያበቃ ጸሎት ነው።