የሮማውያንን የእጅ ጽሑፍ ልትማሩ ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ከብዕርና ከቀለም ጋር ያሳለፍኩ ቁም ጸሐፊ ነኝ። አንዳንዶቻችሁ የጥንት ሮማውያንን ቅጥልጥል የእጅ ጽሑፍ ለመማር እንደምትፈልጉ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ከፊደል ገበታ አትጀምሩ።

ሮማውያን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ትልቁ ፊደል ነው። ወታደሩና ነጋዴው በየቀኑ የሚጽፉት ግን ሌላ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ የሚጻፍ፣ ፊደል ከፊደል የሚያያዝ። ገበታው ይህን ጽሑፍ በታትኖ ነው የሚያሳያችሁ። የፊደሉን መልክ ታያላችሁ፤ እጁ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ ግን አታዩም። ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው።

በጥንታዊቷ የጣሊያን ከተማ በፖምፔይ የተገኙትን የሰም ሰሌዳዎች ተመልከቱ። «ኢ» (E) ብዙ ጊዜ ሁለት ቁም ጭረት ብቻ ነች፤ «ኤም» ደግሞ አራት። ለምን? ቀጭን ሰም የተቀባ ጣውላ አዘጋጁና በሹል ብረት ሞክሩት። ክብ መስመር ስትስቡ ሰሙ እየተገፋ ይከመራል። አጭርና ቀጥ ያለ ጭረት ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። ይህን እጃችሁ አንዴ ካወቀው ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም።

ከዚያ ወደ ቀለም እለፉ። መቃ ብዕርና የጥቀርሻ ቀለም የለመደ የአብነት ተማሪ እዚህ እንግዳ አይሆንም፤ ሮማውያንም በመቃ ብዕርና ከካርቦን በተሠራ ጥቁር ቀለም ይጽፉ ነበር።

የምትገለብጡት እውነተኛ ደብዳቤ ይሁን። በሰሜን እንግሊዝ፣ ሮማውያን ከገነቡት ከሐድሪያን ግንብ አጠገብ፣ ቪንዶላንዳ በሚባል የጦር ሰፈር ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀለም የተጻፉ ስስ የእንጨት ገጾች ተገኝተዋል። መጠናቸው የፖስታ ካርድ ያህል ነው። የብዙዎቹ ጽሑፍ ስለደበዘዘ የሚነበበው ዓይን በማያየው ብርሃን በሚነሳ የኢንፍራሬድ ፎቶ ነው። እኔ የምመርጥላችሁ እ.ኤ.አ. በ100 ገደማ ክላውዲያ ሴቬራ ለወዳጇ ለሱልፒኪያ ሌፒዲና የላከችውን የልደት ግብዣ ነው። አብዛኛውን ጸሐፊ ጽፎላታል። መጨረሻው ላይ ግን ራሷ ብዕር አንስታ ሌፒዲናን «እኅቴ» እያለች ጥቂት መስመር ጨምራለች። በላቲን ከተጻፉ ጥንታዊ የሴት እጅ ጽሑፎች አንዱ ይህ ነው። ሁለቱን እጆች አነጻጽሩ። የጸሐፊው እጅ ይፈሳል፤ የእሷ ይንገዳገዳል። ቅዳችሁ ላይ የእሷን እጅ አታሳምሩባት፣ አደራ!

መጀመሪያ ላይ ትቸገራላችሁ። «ቢ» ሆዷ በግራ ስለሆነ የዛሬዋን ትንሿን «ዲ» ትመስላለች። «ሲ»፣ «ፒ» እና «ቲ» ይምታቱባችኋል። ግራ ሲገባችሁ ፊደሏን ትታችሁ ቀጣዩ ጭረት ከየት እንደተነሳ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ አለ። ለመፍጠንም አትቸኩሉ፤ የጭረቱ ቅደም ተከተል እጅ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ በራሱ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ በ3ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ወደተስፋፋው አዲሱ ቅጥልጥል እለፉ። እዚያ «ቢ» ሆዷን ወደ ቀኝ አዙራ ታገኟታላችሁ። የዛሬዎቹ ትንንሽ የላቲን ፊደላትም ከዚያ የመጡ ናቸውና ብዙውን ወዲያው ትለዩታላችሁ።