አወራወርሽን አትቀይሪው

ሰሞኑን አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከቅርጫት ኳስ ልምምድ በኋላ ጠብቃ «ቲቸር፣ አወራወሬን ልቀይረው እንዴ?» አለችኝ። ኳሱን ከደረቷ ታነሳና ምንም ሳታቋርጥ ወደ ላይ እየወጣች ትለቀዋለች። ጓደኞቿ ስለሳቁባት ነው የጠየቀችኝ። አትቀይሪው አልኳት። ምክንያቱ ግን ቆሞ የሚወራ አይደለም። ለእሷም ለእናንተም ልጻፈው።

እኛ ጎንደር ላይ ስንጫወት ሜዳችን ሲሚንቶ ነበር። ቀለበቱ መረብ ስላልነበረው ገባ፣ አልገባም እያልን እንጨቃጨቅ ነበር። ኳሳችን ሲተነፍስ ጎሚስታ ጋ ወስደን እናስለጥፈዋለን። ሰውየው ሳንቲም አይቀበለንም፤ ነፍሱን ይማር። የተለጠፈበት ቦታ ግን ያብጣል፣ ኳሱም ሲነጥር ወደ ጎን ይሄዳል።

ከአዘዞ የሚመጣ አንድ ቀጭን፣ አጭር ጓደኛ ነበረን። ኳሱን ሲቀበል በጣቱ ልጣፉን ይፈልግና ሳያይ ያዞረዋል፤ ልጣፉ ጣቶቹ ስር እንዳይውል ነው። ከዚያ ኳሱ ከወገቡ ይነሳል። ጉልበቱ ሲዘረጋ እጁም አብሮ ይዘረጋል። የዝላዩ ጫፍ ላይ ሳይደርስ ለቆታል። ተከላካዩ እጁን እስኪያነሳ ኳሱ አየር ላይ ነው። አያምርም። ግን ይገባ ነበር።

አንድ ዓመት አዲስ አሰልጣኝ መጣ። ለእሱ ትክክለኛው አወራወር አንድ ብቻ ነው፦ ዝለል፣ ኳሱን ከግንባርህ በላይ አድርስ፣ ጫፍ ላይ ቆም በል፣ ከዚያ ልቀቅ። አወራወሩ መጥፎ አይደለም። ማይክል ጆርዳን የኖረበት ነው። ረጅምና ጠንካራ ከሆንክ ከተከላካይ እጅ በላይ ሆነህ ትወረውራለህ። ነገር ግን አየር ላይ ቆም ስትል ከእግርህ የመጣው ጉልበት አብሮ ይቆማል። የቀረውን ትከሻና አንጓ ናቸው የሚጨርሱት። ጓደኛችን ደግሞ ያ ትከሻ አልነበረውም። ኳሱ ቀለበቱ ጋ ሳይደርስ መውደቅ ጀመረ። አሰልጣኙ ስንፍና መሰለውና ይቆጣዋል። እያደር ልጁ መወርወሩን ተወው። ጥግ ላይ ብቻውን ቆሞ ኳስ ሲደርሰው መልሶ ያቀብላል። በኋላም ከነጭራሹ ቀረ። እኔ ከቡድኑ ታላቅ ነበርኩ፤ ትንፍሽ አላልኩም። በዚያ ዘመን ለአሰልጣኝ አፍ አይመለስም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የኤን ቢ ኤውን (የአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ኮከብ ስቴፈን ከሪን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ያ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ኳሱ አይቆምም፤ ሰውየው ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ይለቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2015–16 የውድድር ዘመን በዚሁ አወራወር 402 ባለ ሦስት ነጥብ አስገብቷል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚከተለው ነገር በእኛ ሜዳ ላይ ስህተት ተብሎ ተሰርዟል።

ደግሞ ጃምፕ ሹት፣ ዘሎ መወርወሩ ራሱ ከየት መጣና? ከጀማሪዎቹ አንዱ ኬኒ ሴይለርስ ነው። ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ገጠር ቤታቸው፣ ከእሱ እጅግ ከሚረዝመው ወንድሙ ጋር ሲጫወት መወርወሪያ ቢያጣ ጊዜ ዘሎ መወርወር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1943 ዩኒቨርሲቲውን የአሜሪካ ሻምፒዮን አደረገበት። ማንም አላስተማረውም። ቁመቱ አስገደደው።

እርግጥ ቅርጽ አትንኩ ስል ትናንት አንዱን ልጅ «ክርንህን አስገባ!» እያልኩ ስጮህበት ነበር። የሱ ኳስ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። የሚያጥር ወይም የሚረዝም ኳስ በልምምድ ይስተካከላል፤ ወደ ጎን የሚሄደውን ግን ዝም ብዬ ማየት አልችልም። እንዲህ እያልኩም የኤን ቢ ኤው ተጫዋች ሬጂ ሚለር ትዝ ይለኛል። ክርኑ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከለቀቀ በኋላም እጆቹ ይጠላለፋሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 ጨዋታ ሲያቆም በኤን ቢ ኤ ታሪክ ከእሱ የበለጠ ባለ ሦስት ነጥብ ያስገባ አልነበረም። የዚያን ልጅ ክርን ግን አሁንም አስገባለሁ።

የዘንድሮ ልጆች ላይ የማይመቸኝ ነገር ስልክ ላይ የገባውን ብቻ እያያችሁ ማደጋችሁ ነው። ሰውነት ሳይሞቅ፣ ከ6.75 ሜትሩ የባለ ሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆሞ መወርወር ምንድነው? ከሩቅ ለማድረስ ስትሉ ወገባችሁ ይጣመማል፣ ጥሩ የነበረው እጃችሁም ይበላሻል። ከቀለበቱ ሥር ጀምሩና አወራወሩ ሳይለወጥ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። አወራወሩ የተለወጠበት ቦታ ላይ ቁሙ፤ የዚያን ቀን ልካችሁ እዚያ ነው።

የጀርመናዊውን የኤን ቢ ኤ ኮከብ የዲርክ ኖቪትስኪን በአንድ እግር እየወደቁ መወርወር ደግሞ ለጊዜው ተዉት። እሱ 2.13 ሜትር ነው፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብል የሚደርስበት የለም። እናንተ ከፊታችሁ ተከላካይ እያለ በሁለት እግራችሁ ማስገባት ስትጀምሩ ኑና አብረን እንሞክረዋለን።