ፕሮግራሙ ጓዳ፣ መስኮቱ በር ላይ

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ የምጽፍላችሁ አንባቢያችሁ ነኝ። በመሥሪያ ቤታችን በኔትወርክ ገመድ የተያያዙ ሁለት የሊኑክስ ኮምፒውተሮች አሉ። የመሬት ካርታ የምንሠራበት ኪው ጂአይኤስ የተጫነው ጓዳ ባለው፣ አቅሙ ከፍ ባለው ማሽን ላይ ነው። እኔ በር አጠገብ ካለችው አሮጌ ላፕቶፕ በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በተመሰጠረ መስመር ገብቶ ማዘዣ) ገብቼ ፕሮግራሙን ስጠራው «ማሳያውን መክፈት አልተቻለም» ይለኛል። ባልደረባዬ «ኤክስሆስት ፕላስ ብለህ ጻፍ» ብሎ መክሮኛል። ልከተለው?

መልስ፦ ምክሩን ባይከተሉት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው፣ የፕሮግራሞችን መስኮት ስክሪን ላይ በሚያሳየው የኤክስ መስኮት ሥርዓት ሰርቨር (አገልጋይ) የሚባለው የጓዳው ማሽን ሳይሆን ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ማውሱ ያሉበት የእርስዎ ላፕቶፕ ነው። ኪው ጂአይኤስ ስሌቱን ጓዳ ውስጥ እየሠራ «እዚህ መስመር ሥራልኝ፣ እዚያ ጽሑፍ አስቀምጥልኝ» እያለ የሚጠይቀው የእርስዎን ላፕቶፕ ነው። ያ መልእክት የመጣውም ፕሮግራሙ የትኛውን ስክሪን እንደሚጠይቅ ስላልተነገረው ነው።

ኤክስሆስት ፕላስ ስክሪንዎን ያለ መታወቂያ ለመጣ ሁሉ ክፍት ያደርገዋል፤ ሊደርስበት የቻለ ሰው መስኮትዎን ከማየት አልፎ የሚጽፉትን የይለፍ ቃል ሊለቅም ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ የኤክስን መልእክት በኤስኤስኤች ውስጥ ማሳለፍ ነው። በጓዳው ማሽን የኤስኤስኤች ሰርቨር ቅንብር ፋይል ውስጥ «ኤክስ ኢለቨን ፎርዋርዲንግ» የሚለውን መስመር «የስ» አድርገው አገልግሎቱን እንደገና ያስነሡ፤ የስክሪኑን መግቢያ ፈቃድ የሚይዘው ኤክስኦውዝ የተባለው ትንሽ ፕሮግራምም እዚያው መጫኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ከላፕቶፑ ሲገቡ ከኤስኤስኤች ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁን ኤክስ ይጨምሩ። ገብተው የዲስፕሌይን (ለፕሮግራሙ የትኛውን ስክሪን እንደሚጠይቅ የሚነግረውን ቅንብር) ዋጋ ሲያዩ «ሎካልሆስት፡10.0» ካለ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ባዶ ከሆነ በእጅዎ አይሙሉት፤ ቀድሞ ሌላ ሰው በባሽ (ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ቅንብር ፋይል ውስጥ የጻፈው የዲስፕሌይ መስመር ካለም ያጥፉት፣ ኤስኤስኤች የሰጠውን ይሽርበታልና።

በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይህ በቂ ነው። ከባሕር ዳር ሆነው በሞባይል ኢንተርኔት ቢሞክሩት ግን ለእያንዳንዱ ጠቅታ ብዙ ምልልስ ስለሚያስፈልግ ካርታው እጅግ ይንቀራፈፋል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። በክረምት መብራት ሄዶ ገመዶቹን የሚያገናኘው የኔትወርክ ስዊች ሲጠፋ መስመሩ ይበጠሳል፣ ፕሮግራሙም ያልተቀመጠውን ሥራ ይዞ ይዘጋል፤ የግማሽ ቀን ድካም እንዲህ ሲጠፋ አይቻለሁ። የጓዳው ማሽን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ካለው፣ መስመር ቢበጠስም መስኮቱን ጠብቆ የሚያቆየውን ኤክስፕራ የተባለ ፕሮግራም በሁለቱም ላይ ይጫኑና ኪው ጂአይኤስን በእሱ በኩል ይክፈቱ፤ መስመሩ ቢቋረጥም ፕሮግራሙ እዚያው ሥራውን ይቀጥላል፣ መብራት ሲመጣም ተመልሰው ገብተው ካርታውን ከተዉበት ያገኙታል።